ትንሽ ስንት ነው?

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ዝናብ ሲያባራ፣
ሜዳው ላይ መንገድ ሣሉ፣ ነጭ በነጭ በኖራ።
ሹፌር የለ፣ ወንበሩ ባዶውን፣
የባለተሳቢው ሲኖ መሪ ዞረ ብቻውን።

ግንባሩ ልክ ሄደ፣ ጣት እንኳ አልሳተም፤
ተሳቢው ግን ኩርባውን ቆርጦ አጥሩን አልማረም።
ሀዊኔ ስክሪኑ ላይ ዓይኗን እንደተከለች፣
«መስመሩን ይዟል እኮ! ምኑ ጎደለ?» አለች።

ምን ልበላት እኔ፣ የጊቤን ቁልቁለት
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወረድኩ በሌሊት?
«ግራ ልትታጠፊ ቀኝ ስጪ አስቀድመሽ፤
ትንሽ ተሳሳቺ፣ ለሚጎተት ብለሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?» አለች፣ ብዕሯን አንስታ።
የሌለ መሪ ይዤ አዞርኩላት ለአፍታ።
የእጄን አንጓ ለካች።

ማታ ሲኖው ዞረ፤ አጥሩ ተረፈ።
እጄ ኪሴ ገብቶ፣ ቁልፍ ፈልጎ፣ አረፈ።