ስድስተኛው ሳምንት

አሥራ አንድ ዓመት፣ ጡንቻዬ፣
ጫፍህን ከጎድኔ አላቀው፣ ከሥርህ ባዕድ አስገብተው
እንደ ብርድ ልብስ ዘረጉህ በሲሊኮን ጉብታ ላይ።
ተኛህ። ምን ታደርግ።
በር በገፋሁ ቁጥር ብቻ ትባንን ነበር፤
ያኔ ጡቴ ወደ ብብቴ ይሸሻል፣
መረብ እንደገባ ዓሣ ከሸሚዜ ሥር ይዘላል፣
ጀልባ የሚጎትቱት ልጆች አይተው ይስቃሉ፣
አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ይሻላል።

ማንም አላስገደደኝ። እኔው ነኝ የለመንኩ፣
የሁለት ክረምት የኦይስተር ሽያጭ ቆጥሬ የከፈልኩ።
ውበት መስሎኝ ነበር።
ለጥቂት ጊዜ ነበረም፤ አልዋሽህም።

ፍሎሪያኖፖሊስ ሆስፒታል፣ ስነቃ፣ ሐኪሙ በሳህን አሳየኝ፦
ሁለቱን ጉብታ፣ ሰውነቴ ከሸመነላቸው ከረጢት ጋር፤
ነጭ፣ ጠንካራ፣ እንደ ዛጎል የውስጥ ሽፋን።
«ዕንቁ የለበትም?» አልኩት፤
ከማደንዘዣው ገና አልወጣሁም።
«የለበትም» አለ፣ ከልቡ እንደፈተሸ ሰው።

አንተን መልሶ ሰፋህ
ከጥንት ቦታህ፣ ከአጥንቱ ጠርዝ፣ በሚሟሟ ክር።
ከዚያ ትእዛዝ፦ ከማንቆርቆሪያ የከበደ አይነሳም፣
በሆድ መተኛት የለም፣ ገመድ በሕልምም አይጎተትም።
ልጄ ካዋን ፀጉሬን አሠረልኝ
በዓሣ አጥማጅ ቋጠሮ፤ ለመፍታት መቀስ ፈለግን።

ሌሊት ሌሊት ትርገበገባለህ፣
ቤቱ ገብቶ ማብሪያውን በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው
አጥንቴን ስትነካ፣ ስትተው፣ ስትነካ።
አንዳንዴ ያቃጥላል። አንዳንዴ ምንም።
የምንም ሌሊት ነው የሚያስፈራው።

ወጌሻዬ ዙለይዴ «ጣቶችሽ ግድግዳ ይውጡ» አለች፤
የካዋን ቁመት በየዓመቱ በእርሳስ የተሰመረበትን ግድግዳ።
እንደዚያ እንቁላል ቀስ በቀስ እግር አወጡ ጣቶቼ፦
በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ዓመቱ ላይ ቆሙ፣
በሦስተኛው ስድስት ላይ ተንቀጠቀጡ።
ልጁ አጠገቤ ቆሞ «ሰባቴን እለፊ፣ እማ» ይላል፣
ታሞ ያላደገበትን ዓመት፤
ሰባትና ስምንት መስመሮቹ ይነካካሉ።

ዛሬ ከአናቱ በላይ ደረስኩ።
«ክሩ ሟሟ እኮ» ትላለች ዙለይዴ፣ እጇን ከብብቴ ሥር አድርጋ፣
«ከእንግዲህ የሚይዘው ራሱ ነው።»

እንደ ድሮው አይደለህም። ከላይ ጎድጉደሃል፣
በግራ በኩል እንደ ተጨማደደ አንሶላ ትሳባለህ።
ይቅርታ አልጠይቅህም ዛሬ፤ ሌላ ቀን።

ጎህ ሲቀድ ወደ ሪቤይራው ዳርቻ ወረድኩ።
መጎተት ገና አልተፈቀደም። ገመዱን መጨበጥ ብቻ፤
እርጥብ፣ ጨዋማ፣ ከሥሩ ሃምሳ ኪሎ ዛጎል የተንጠለጠለበት።
ማዕበሉ ሳበው፤
ሳላዝህ ያዝክ።