የጥር ውሃ

ስሙ «ተንቀሳቃሽ ቤት» ነው በወረቀት፤
ጎማውን ሣር ውጦት፣ ብረቱን ዝገት፣
ሃያ ስድስት ክረምት ሳይነቃነቅ ቆሟል።
የሚንቀሳቀሰው ኪራዩ ነው፤ እሱማ
በዓመት ሁለት ጊዜ ሽቅብ ይራመዳል።

ሽማግሌው ባለመሬት ሲሞት ልጆቹ ሸጡን፤
የገዛን ኩባንያ አንድ ቀን መጥቶ ሳያየን
በፖስታ ሣጥን ቁጥር አከራይ ሆነብን።
ኮተንዉድ ይባላል ሰፈሩ፣ ኔብራስካ ሜዳ ላይ፤
ከሐዲዱና ከእህል ጎተራው ወዲያ
ባዶ ነው እስከ ሰማይ።

አርባ አራት ቤት ነን፤ አንድ ቆጣሪ አለን፤
እሱ ሲቆጥር ያድራል፣ እኛ እንከፍላለን፤
እኛ የጠጣነውን፣ መሬት የጠጣውን
ደምሮ ይልክልናል፣ ሳይለይ ሁለቱን።
የመንገዱ መብራት ከጠፋ ሦስት ዓመቱ፤
ሰው በማታ ሲመጣ በሳሉ ነው የምንለየው።
የእኔ መጸዳጃ ሲለቀቅ
የሃያ ስምንት ቁጥር መታጠቢያ ይንቆረቆራል፤
ሉቬላ ግድግዳውን ትደበድባለች፣ «ተው!» እያለች።

ቨርና፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ በማርማላታ ጠርሙስ
ከቧንቧዋ ትቀዳና ቀን ትጽፋለች በእርሳስ፤
መስኮቷ ላይ ትደረድራለች።
የመስከረሙ ሻይ ነው፣ የኅዳሩ ጠላ፣
የታኅሣሡ ዝገት ብቻ፣ ምንም የለው ሌላ።
ጠዋት ፀሐይ ሲያልፍበት
እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት
ያምራል።
አያድርስ ነው እንጂ፣ ያምራል።

ኦርቪል በደረቱ ተስቦ ከወለሉ ሥር ገብቶ
የሚስቱን ፀጉር ማድረቂያ ቧንቧው ላይ አብርቶ
«ሞቀህ ወይ?» ይለዋል፣ እንደ ታመመ ጥጃ።
ማሪሴላ ከሥጋ ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ
በረዶ በድስት ታቀልጣለች፣
ልጇ ሳይታጠብ ትምህርት ቤት እንዳይደርስ።

ወደ ኩባንያው ስንደውል ሙዚቃ ነው፤
ከዚያ አንዲት የማሽን ሴት
«ጥሪዎ ለእኛ ዋጋ አለው» ትላለች።
ዋጋውንማ አየነው፤
በሚቀጥለው ወር ደረሰኝ ላይ ሠላሳ ዶላር ነው።
«ይጠገናል» አሉ በመስከረም፤ ጠብ አላለም።
«ይጠገናል» አሉ በኅዳርም፤ ጠብ አላለም።

በጥር ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ ጫማው ጭቃ አያውቅም።
የእኛን ደንብ መተላለፍ ነው የመጣው ሊያይ፦
ቀለሙ የለቀቀ ደረጃ፣ ብስክሌት በር ላይ።
ቨርና «ይግቡ፣ ብርድ ነው» አለችው፤
ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችው።
«የዛሬ ነው።»
ብርጭቆውን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ ሰዓቱን አየ።
«መኪናዬ ውስጥ አለኝ» አለ።

ቅዳሜ ማታ እሳት አንድደን፣ መሬቱን አለዝበን
ቆፈርን።
በወገብ ጥልቀት ኦርቪል ባትሪውን አበራ፤
ቧንቧው ላይ አንድ አሮጌ ልጥፍ፣
የብስክሌት ጎማ ላስቲክ፣ በሽቦ የተጠፈረ።
ቨርና አጎንብሳ «እሱ ነው» አለች፣ «ዴልማር ነው፤
የጫማ ክሩንም እንዲህ ነበር የሚያስረው።»

ልጥፉ ከተቀበረ ሃያ ሁለት ዓመት፣
ባለቤቷ ከተቀበረ አሥራ አንድ።
የኪራያችን ውል በሦስት ገዢ እጅ አልፎ ውሉ ጠፍቷል፤
የዚያ ሽቦ ውል ግን ዛሬም ይታያል።
ከሱ ዘንድ
ጠብ አላለም።

የሚያፈስሰው ከእሱ አንድ ክንድ ወዲያ ነበር።
«ያንን አትንኩት» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።
እኛም አጠገቡ፣ እሱን እያየን፣
እንደሱ ጠፍረን ደፈንን።
ኤሊሴዮ፣ የማሪሴላ ልጅ፣ ሮጦ ቆጣሪው ላይ ጆሮውን ጣለ፤
ቆየት ብሎ «ተኝቷል» አለ።

ማክሰኞ በየበራችን ወረቀት ተለጥፎ አደረ፦
ያለ ፈቃድ ቁፋሮ፣ መቶ ዶላር መቀጮ።
ቨርና የሷን ገነጠለች፤ በመቀስ ሸርክታ
በንጹሑ ጀርባ ቀኑን ጻፈችበት፤
የዕለቱን ውሃ ቀድታ
ጠርሙሱ ላይ ለጠፈችበት።

ትንሽ ቀለል ብሏል፤
የመስከረሙን ያህል።