ኖራ

የድሬ ውሃ ድንጋይ አዝሎ ነው የሚመጣ፤
ማንቆርቆሪያ ታች ቅርፊት፣ ቧንቧ ውስጥ ግንብ የሚያወጣ።
ይህን ከሙሜ በላይ ማን ያውቃል፣ ከገንደ ቆሬ እስከ ከዚራ?
አርባ ሁለት ዓመት ቱቦ ሲቆርጥ፣ ሲቀጥል፣ ሲያጠራ።

ልጅ ሳለሁ፣ ቁልፍ አቀባዩ፣
የተቆረጠውን ብረት ያነሣና ወደ ፀሐዩ፣
«እይ» ይለኝ ነበር፣ «ጉሮሮውን እይ፤
ከውጭ የእጅ አንጓ፣ ከውስጥ የመርፌ ዓይን አይመስልም ወይ?
ባለቤቱ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ ልማትን ይራገማል፤
ውሃው ግን እደጁ ደርሶ፣ ግድግዳው ውስጥ ቆሟል።»
ኒያላው ከከንፈሩ ጥግ፣ ግራ ዓይኑን ጭስ አጨፍኖት፤
የሰውን ቱቦ ሲያይ ኖረ፣ የራሱን ማን አሳይቶት?

ዘንድሮ ሙሜ መንገድ ላይ መቆም አመጣ።
ከቀፊራ ወጥቶ የደቻቱን አሸዋ ሳይጨርስ ባቱ ተቆጣ።
ጫማ ነጋዴው ፊት ይቆምና ዋጋ ይጠይቃል፤
ሕመሙ እስኪበርድ ቁጥር ያስቀይራል፣ ቀለም ያስወጣል፤
ደግሞ ይሄዳል። ደግሞ ብርቱካን ሻጯ ዘንድ ይቆማል።
«ሙሜ ሀብታም ሆነ» አሉ፣ «ሁሉን ያማርጣል»።
አንድም አልገዛም።
የግራ አውራ ጣቱ ላይ አንዲት ጭረት፣ ሦስት ወር ሆናት፣ አልደርቅ አለች፤
ዳር ዳሯ ጠቆረች።

ድል ጮራ ወሰድኩት። ዶክተር ሰብለወንጌል
ቅባት ቀብታ፣ መሣሪያዋን ጭኑ ላይ ስታንከባልል፣
ወሽ... ወሽ... ይል ነበር፣ የጧት ቧንቧ ይመስል፤
ከጉልበቱ በታች ዝም።
ሙሜ ቀና አለ። ያን ዝምታ ያውቀዋል፤ ስንት ቤት ሰምቶት የለም?

«ኒኮቲኑ» አለችው (የድሬ ልጅ ናት፣ አንቱታ አታውቅም) «የሐሰት ደወል ይደውላል፤
እሳት ሳይኖር እሳት ብሎ፣ ነጭ የደም ዘቦችን ይጠራል።
እነሱም ታማኞች ናቸው፤ እየሮጡ ግድግዳው ውስጥ ይገባሉ፣
ያገኙትን ስብ ይውጣሉ፣ ያብጣሉ፣ መውጫው ይጠፋቸዋል፣ እዚያው ይሞታሉ።
ሬሳ በሬሳ ላይ፣ ኖራ በላዩ ተለስኖ፤
ቱቦህን የዘጋው ግንብ፣ ሙሜ፣ የገዛ ዘበኛህ ነው፣ ጡብ ሆኖ።
ጣትህ ላይ ቁስሏ ደግሞ 'ድረሱልኝ' ትላለች፤
መንገዱ ዝግ፣ ዘቡ ድካም የበላው፤ ብቻዋን ታዳምጣለች።»

የእህቱ ልጅ፣ ከጅቡቲ የመጣች ባለ እንጆሪ ማጨሻውን ኪሱ ውስጥ እያሻሸ፣
«ይቺኮ ጭስ የላትም» ቢል፣ «ጭሱ ቢቀር፣ ደወል መቺው መች ሸሸ?»

ሙሜ ሌላ ነገር ያሰላ ነበር።
«አቦ ዶክተር፣ እኛ ኮምጣጤ እናፈሳለን፤ ለዚህስ ምን ይፈሰስለት?»
«የተሠራውን በሽቦ የሚከፍቱ አሉ፤ አዲስ ጡብ ማቀበል ግን ተውለት።»

በሩ ላይ ፓኬቱን ሰጠኝ፣ «ያዝልኝ» ብሎ።
ባጃጅ ውስጥ ገባን፣ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ እንደ ሰው ዕቃ አዝሎ።
ለገሃር ሳንደርስ መዳፉን ዘረጋ።
ምንም አላልኩም። ከቦርሳዬ፣ ትናንት ሳቢያን የቆረጥነውን የቱቦ ቁራጭ
አኖርኩበት።
ወደ ፀሐይ አዞረው፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጭስ ሳያስጨፍነው፣ በፈቃዱ።

«እይ እስቲ» አለኝ፣ ባጃጁ ሲታጠፍ ወደ ከዚራ፣
«ስድሳ ስምንት ዓመት ይቺ ነፍስ፣ በዚህች ቀዳዳ ኖራ...»

ሌላኛው እጁ ግን እንደተዘረጋ ነበር።
ሰባት ፍሬ። ኪሴ ውስጥ፣ በጣቴ ቆጥሬያቸዋለሁ።