ሃያ ስምንት

ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ሰዓት የማይሞላው፣
ሐረጎን ሲወጡ ጆሮ የሚደፍነው፣
ያን ሰሞን ራቀ፤ ገመድ ተጋደመ፣
መናኸሪያው ባዶ፣ ረዳቱ ዝም አለ፤
"ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!" የሚለው ጉሮሮ
በጨርቅ ታፈነ።
አባቴ ግን ሳለ።

ሦስት ሌሊት ሳለ። በአራተኛው ወንድሜ ቁጥር ላከልኝ፣
"ቦሩ ሜዳ ያለች ሐኪም ናት፣ በስልክ ታያለች" አለኝ።
በስልክ ታያለች!
ስልኬ እኮ ካሜራ የለው፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ ነው።

ደወልኩ። መጀመሪያ የመጣችው ሴትዮ
"እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ" አለች።
ታጥቤያለሁ እቴ።
"ርቀትዎን ይጠብቁ" አለች።
አባቴ ደረቴ ላይ ነው፣ ወዴት ልራቅለት?
ጨርሳ እስክትለቀኝ ሳለ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ከዚያ "አቤት"፣ እንቅልፍ የራቀው ድምፅ።
"ሙሉሸዋ እባላለሁ። ማን ነው የታመመው?"
"አባቴ፣ ይመር አሊ። የፋብሪካ ጡረተኛ።
ሠላሳ ዓመት የጥጥ ብናኝ ውጧል፣
ሳል ብርቁ አይደለም፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነው።"
"የከንፈሩ ቀለም?"
አምፖሉ ስር አየሁት። እኔ ማቅለሚያ ክፍል ነኝ፣ ቀለም አውቃለሁ፤
ሰማያዊ ታጥቦ፣ ታጥቦ፣ የሚቀረው።

"ደረቱን እያየሽ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ።
በተነሳ ቁጥር።"
ቆጠርኩ። እሷም ማዶ ሆና አብራኝ ዝም አለች።
ሃያ ስምንት።
ብዕር ወረቀት ሲጭር ሰማሁ።

"ስልኩን ጀርባው ላይ አድርጊልኝ፣ ከትከሻው አጥንት በታች።"
"ምንድን ነው የምትለጥፊብኝ?" አለ አባቴ።
"ሐኪም ናት፣ አባ።"
"ሐኪም ማለት እጅ ነው" አለና
ጀርባውን ሰጠን።

"በደረቱ አስተኚው፣ ትራስ ከሆዱ ስር።
መስኮቱን ክፈቺው። ነገ በዚህ ሰዓት እደውላለሁ።"

ደወለች። በየማታው ደወለች።
ሃያ ስድስት።
አንድ ማታ ሠላሳ ሁለት፤ ያን ማታ ስልኩን ሳትዘጋው ነጋ፣
የቦሩ ሜዳ ጅብ በመስመሩ ቤታችን ገባ።
ሃያ ሁለት። አሥራ ዘጠኝ።
አባቴም "ምነው ዛሬ ቆየች?" ማለት ለመደ፣
ስልኩ ሳይጠራ ጀርባውን ገልጦ መጠበቅ።

በአሥራ ስምንተኛው ማታ "አሥራ ስድስት" ብላት
"እሰ..." ብላ ጀመረች፤ እሰይታዋን ሳል በላት።

"ዶክተር?"
"ብርድ ነው። የቦሩ ሜዳን ብርድ አታውቂውም።"
ብርዱን አላውቀውም። ሳሉን አውቀዋለሁ፣
ያስተማረችኝ እሷ ናት።
አፌን በእጄ ይዤ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ፣
ሳልነግራት ቆጠርኩ።
ሃያ ስምንት።

"በደረትሽ ተኚ" አልኳት፣ "ትራስ ከሆድሽ ስር።
መስኮቱን ክፈቺው።"
የቀረውን እሷው ጨረሰችልኝ፣ እየሳቀች፣ እየሳለች፣
"ነገ በዚህ ሰዓት።"

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ምንም አልተናገረም።
መዳፉን ላዩ ላይ አሳረፈበት፣
ትኩሳት እንደሚለካ ሰው፣
መስመሩ ተዘግቶም ብዙ ቆየ።

ጠዋት ባለ ሃምሳ ካርድ ገዛሁ።
ሁለት።