ከሳሽ ማብሊ፣ ዕድሜ ሰባት

በወረቀቱ ራስ፣ ከማኅተሙ በታች፣
የሰባት ዓመት ልጄ ከሳሽ ሆና ወጣች።
ከስሟ ዝቅ ብሎ፣ በዚያው በአንድ ቀለም፣
ተከሳሽ፦ ጌቲን ፓሪ። ሌላ ሰው የለም።

ጌቲን አባቷ ነው።
መሃል ገብቼ የምፈርመው እኔ ነኝ።
ሕጉ «የሙግት ወዳጅ» ብሎ ይጠራኛል፤
የማን ወዳጅ እንደሆንኩ እሱ ያውቅልኛል።

«አይክፋችሁ» አለን ጠበቃው በስልክ፣
«ከፋዩ ኢንሹራንስ ነው፤ ይህ የወግ መልክ።
ከጌቲን ኪስ እንኳ ሽራፊ አይወጣም።
ብቻ አደራ፣ ‹ጥፋቴ ነው› እንዳይል፣ በማንም ፊት፣ በጭራሽ።»
ጌቲን ሰምቶ ሳቀ።
ሻዩን ግን አልጠጣም።

ካናርቮን ያው ዝናብ፤ ባሕሩ ጨው ይተፋል፣
ከክፍሉ ጥግ ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል።
ዳኛዋ ካባ የላት፣ ሹራብ ነው የለበሰች፤
«ነይ እስቲ ወደ መብራቱ፣ ልየው» አለች።
ማብሊ ፀጉሯን ገልጣ ቅንድቧን አሳየች።

ሦስት ሳንቲሜትር፤ ነጭ፤ አምስት ስፌት፤
«ከሩቅ አይታይም» ይላል የሐኪሙ ጽሕፈት።
«ራስ ምታትስ? ቅዠት? እንቅልፍ ማጣት?»
«ነበረባት፤ ተዋት» — መልሱ የናት።
መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ጮክ ብላ መቁጠሯን፣
አሥራ አራተኛው ላይ ትንፋሿን ዋጥ ማድረጓን፣
ማንም አልጠየቀኝ።
እኔም አልተናገርኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።
እኛ ቤት ግን ተረቱ ተገለበጠሳ፤
የተወጋችው ልጅ ከመስታወት ፊት ቆማ
«የባሕር ወንበዴ ነኝ» ትላለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፤
የወጋው ነው ሌሊት ኩሽና የሚገባ፣
መብራት ሳያበራ፣ ውሃ ቀድቶ የሚደፋ፣
ደግሞ የሚቀዳ።

ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ፓውንድ፣ የአንድ ቅንድብ ካሳ፤
በፍርድ ቤቱ ካዝና ተቆልፎ ይቀመጣል፣
እሷ አሥራ ስምንት ሲሞላት፣ ስትነሣ
(ያኔ እኔ ሃምሳ ልደፍን አንድ ዓመት ሲቀረኝ)
ቁልፉ በፖስታ ይመጣል።

«በቃ፣ አጽድቄዋለሁ» አለች ዳኛዋ፣
ብዕሯን አንሥታ። ከዚያ፣ ለወጉ ያህል፣
«አንቺስ፣ የምትነግሪኝ አለሽ?»

ማብሊ ጫማዋን አየች።
«ጓንቷ የኔ ነበረች።
ከመቀመጫው ስር ወደቀች።
አምጣ አምጣ ብዬ አለቀስኩ። አባዬ ዞረ።
የድንጋዩ ካብ ያኔ መጣ።
ስለዚህ ገንዘቡ ለሱ ይሰጠው።»

ማሞቂያው እንኳ ማንኮራፋቱን የተወ መሰለኝ።
አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ በስንቱ ቅጽ፣ በስንቱ ፊርማ፣
ስለ ጓንት የሚጠይቅ አንድ ሣጥን አልነበረም።
አሥራ አንድ ወር ልጄ
ከሳሽ ተብላ ስትጻፍ፣ በልቧ ተከሳሽ ነበረች።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፤
«ጓንት መጣል የልጅ ሥራ ነው» አለች፣
«መንገድ ማየት የትልቅ ሰው።»

ከኋላ ወንበር፣ ጠበቃው እጁን ሳይዘው፣
«አዎ» አለ ጌቲን።
«አዎ፣ ማብ። ጥፋቱ የኔ ነው።»
ጸሐፊዋ ቀና አለች፤ አልጻፈችውም።

ወደ ቤት እኔ ነዳሁ።
ከኋላ፣ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ፤
ዝናቡ አላባራም፣ መጥረጊያው አይደክም።
አንድ፣ አለች። ሁለት፣ አለ እሱ።
እየተቀባበሉ እስከ ስምንት ደረሱ፤
ከዚያ የበግ መንጋ አየች፣ ስለ አንዲት ጥቁር በግ አወራች፣
ዘጠኝን ዘለለች።
ማንም አላረማት።