ቀስ በል

ሐሙስ ሊነጋ ሲል፣ ከግድቡ ማዶ፣
ሐታ እንደተኛች፣ ዓለቱ ሌት በርዶ፣
ወጣሁ መንገድ ፍለጋ፤ የሱቁ ትእዛዝ ነው፤
«ደንበኛ ሰለቸው ያንኑ ሲዞረው፣
አዲስ መስመር አምጣ» አለኝ ዳድከሪም፣
ባሉቹ መካኒክ፤ እሱ ጋራ አይወጣም፣
ጉልበቱ ተሰብሮ በብረት ታስሯል፤
ግን ጎማ እየነፋ መንገድ ያሸታል።

ብስክሌቱ ከባድ ነው፣ ሃያ አራት ኪሎ፣
ሞተሩ ግን ሚዜ ነው፣ ከሥሬ ተጠልሎ፣
ገና ስረግጠው ሽቅብ ይገፋኛል፤
አምስት መብራት ባትሪ! ምን ያስፈራኛል?

ስልኬ ላይ መንገዱ ሰማያዊ ክር፤
ክር ምን ያውቅና የድንጋይ ነገር!
ሳተላይት ከላይ አይቶ፣ ወርዶ ሳይረግጠው፣
«ቀጥታ ሂድ» ይላል፤ ፊት ለፊቴ ገደል ነው።

ቆምኩ።
ጠጠር ጣልኩ ቁልቁል፤ ድምፁ ዘገየብኝ።
ተመለስኩ፣ ዞርኩ፣ ወዲያ ወዲህ አልኩኝ፤
ደረቅ ወንዝ ገባሁ፣ ኮረቱ ሲንጫጫ፣
ባትሪው ሁለት ቀረው፤ ፀሐይ ጀመረች ግልምጫ።

አንድ መታጠፊያ ላይ፣ እዚያች ጋ ወደቅሁ፤
ክርኔ ተላጠ፤ ስቄ ተነሣሁ፤
ሰው የለም ሊያየኝ፣ ሰው የለም ሊያነሣኝ፣
ጎማው ብቻ በአየር ዞሮ ታዘበኝ።

ያኔ ነው ያየሁት፦
የፍየል በጠጥ፣ እንደ ተበጠሰ ጥቁር መቁጠሪያ፣
ከቋጥኝ ቋጥኝ ሥር፣ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ።
ተከተልኩት፤ አገናኘኝ ከአንድ የድንጋይ ካብ፣
ካቡ ከሌላ ካብ፤ መሃላቸው ጠባብ
የአህያ መንገድ፣ ጭነት የጠረበው፣
የትኛውም ካርታ ላይ ስም ያልተጻፈው።

ባትሪው ጠፋ። ሚዜው ጥሎኝ ሄደ።
ሃያ አራቱ ኪሎ ትከሻዬ ላይ ወረደ።
ገፋሁት። ዳገት ነው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤
አናቱ ላይ አንዲት ዛፍ፤
የአገሩ ሰው ሲድር ይላታል፤ እኔ ግን ገባ።
ሦስት ፍሬ ለቀምኩ፤ አንዱን ትል ቀደመኝ፤
በሁለቱ ምላሴ ከላንቃዬ ተላቀቀልኝ።

ማታ ሱቅ ስገባ፣ መስመሩን ስጭነው፣
«ስም ስጡት» አለኝ ስልኩ፤ የክርኔ ቁስል ትኩስ ነው።
ሁለት ቃል ጻፍኩ በራሴ ፊደል
ለዚያች መታጠፊያ፦
ቀስ በል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኛ ሲመጣ
«ይሄ ሥዕል ምንድን ነው?» ይላል ካርታ እያወጣ።
ዳድከሪም ጎማ ይነፋል፤ ትርጉሙን አያውቅም፤
ክርኔን ያሳያቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

ገባዋን ግን ካርታው ውስጥ አላስገባኋትም።