ባለ ሃምሳ ሉክ

ከቃሊቲ አልፎ ገላን ሰርቪስ ሲቆም፣
ከዘበኛው መስኮት ማኅተም ያለው ቀለም፣
ሁለት መስመር ብቻ፦ «ሦስቱ ፈረቃዎች
ከሰኞ ጀምሮ አንድ ይሆናሉ።» ሌሎች
ቃላት አልነበሩም።
ምክንያቱን ብንጠይቅ
«ዶላር» አለ ዘበኛው፣ እንደ ሰው ስም ጠርቶ፤
ዶላር የሚባል ሰው ሌሊት በአጥር ገብቶ
ቁልፉን ይዞ የሄደ ይመስል ከግቢው።
ሊስቅ የቃጣም ሰው ፊታችንን አይቶ ተወው።

ጆንያ ነው ሥራችን፤ ለጤፍ፣ ለሲሚንቶ።
ያ ሁሉ ሽመና፣ ያ ሁሉ ጩኸት ሞቶ
ዝም ሲል በአንድ ጊዜ ጆሮ ይደነግጣል።
ግንብ ተደግፈን፣ ፀሐይ ላይ ተኮልኩለን
የሰው ስም አነሣን፣ የሰው ስም ጣልን፦
እገሌ ከላይ ዘመድ አለው፣ ማን ደፍሮ ይነካዋል፤
እገሊት ነፍሰ ጡር ናት፣ ሕጉ ይከልላታል።
ዘይት ስንት ገባ? ኪራይ ስንት ደረሰ?
ጭንቀት የሚሉት ዕቁብ
ዕጣ ሳይወጣለት ለሁሉ ተዳረሰ።

ጂፋሬ ግን የለችም።
ጂፋሬ ቆጣሪ ናት፤ መቶ ጆንያ ቆጥራ
በገመድ ትጠፍራለች፤ ይኸው ነው የሷ ሥራ።
ደብተር በብብቷ፣ እስክሪብቶ በፀጉሯ፣
ከቆመ ሞተር ሥር ብቅ ይላል እግሯ።
ስትወጣ እስከ ክርኗ በግራሶ ተቀብታ
መካኒኩን ለገሠን በጥያቄ ጋጋታ
ታደክመዋለች።
ጡረታው ሦስት ወር የቀረው ሰውዬ
አይሰለችም ነበር። በሠላሳ ዓመቱ
«ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው
አንድ ሰው አልነበረም።

«ለማን ብለሽ?» አልኳት። (እኔ ነኝ፣ አልክድም።)
«አለቃ አያይሽም፤ ደሞዝ አይጨምርም።»
«ዶላሩ አይሰማኝም» አለች ሳትቆጣ፣
«እነዚህ ሁለት እጆች ግን ይሰሙኛል፤
ሥራ የፈቱ እንደሆን ሐሳብ ይበላኛል።»

ተረት ቢሆን ኖሮ፣ ዓርብ ዝርዝሩ ሲለጠፍ
ስሟ ከቀሪዎች አናት በሆነ ነበር።
ዝርዝሩን ያወጣው ግን ማሽን ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው፤
«ቆጣሪ፣ አራት» ብሎ አራቱንም ሠረዛቸው።
እኔ ቀረሁ።
መቅረት እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።
በር ላይ ደብተሩን እጄ ውስጥ አኖረች፤
«ማሽኑ ምን አጠፋ?» አለችና ሄደች።

ቱሉ ዲምቱ፣ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ
በስልኬ ብርሃን ገለጥኩት፦
«ቁጥር አራት፦ ሲሞቅ ያስላል። ደረቱ አይደለም፣ ቀበቶው ነው።
ቁጥር ሰባት፦ ዳመና ሲሆን ይኮሳተራል።
አትቆጡት፣ አድርቁት።»

ከአራት ወር በኋላ ጥሬ ዕቃው ሲገባ
ለገሠ በሌለበት ቁጥር አራት ቆመ።
ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ ከረቫቱ ላልቶ፤
«ማን ያውቀዋል?» አለ።
«እኔ» የሚለው ቃል ጥርሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤
ዋጥኩት። ይከረክራል ሲወርድ።
ስሟን ተናገርኩ።

ስልኳ ውስጥ ወፍጮ ይጮኻል፤
ኮዬ ፈጬ ነው፣ የሰው ወፍጮ
ስትፈታ፣ ስትገጥም ነው የምትውል።
«እመጣለሁ» አለች፣ «ግን ከሰዓት ነው፤
ዋጋዬንም ከአሁኑ ስሙት።»
መጣች። ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ብረቱ ላይ አደረገች፣
ልጅ ያተኮሰው ቤት እንደገባች ጎረቤት።
ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።
ደብተሯን ልመልስላት ብል
«ሌላ ጀምሬያለሁ» አለች።

ያን ማታ ከሰርቪስ ስወርድ ሱቅ ጎራ ብዬ
ደብተር ገዛሁ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ።
«ለልጅህ ነው?» አለኝ ባለሱቁ።
«ለኔ ነው።»
የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦
«ቁጥር ሁለት፦ ዛሬ ደህና ነው።
ለምን ደህና እንደሆነ አላውቅም።»